በሳፋ የጀመርሁት ባሕር

ጣናን እኛ ባሕር ነው የምንለው። «ባሕሩ ዛሬ ተቆጥቷል»፣ «ከባሕሩ ማዶ ደርሶ መጣ» እየተባለ ሲወራ ነው ያደግሁት። እኔ ግን እዚያው ዳር ተወልጄ፣ እዚያው ዳር ተምሬ፣ ፋሲሎ ሰፈር ውስጥ የልብስ ስፌት ሱቅ ከፍቼ ስኖር፣ ከባሕሩ ጋር የነበረኝ ትውውቅ ከቁርጭምጭሚት አላለፈም ነበር።

እናቴ አትፈቅድማ። እሷ የመራዊ ልጅ ናት፤ ለአባቴ ተድራ ወደ ውሃው ዳር ስትመጣ ገና ልጅ እግር ነበረች። አባቴ ጨርቅ ነጋዴ ስለነበር በሐይቁ ዙሪያ ባሉት ከተሞች ሁሉ ደንበኛ ነበረው፤ ሸቀጡን በጀልባ ጭኖ ይመላለሳል። እናቴ ግን፣ እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ፣ ጀልባ ላይ ስትወጣ አላየኋትም። ከትምህርት ቤት ስንመለስ በር ላይ ቆማ ክንዳችንን እየያዘች በጥፍሯ ትጭረው ነበር። ውሃ ገብቶ የዋለ ልጅ ቆዳ ሲጫር ነጭ መስመር ያወጣል። ወንድሞቼ ነጩ መስመር እየወጣባቸው፣ እየተገረፉም፣ ዋና ለመዱ። የእኔና የታላቅ እህቴ ክንድ ግን አንድም ቀን መስመር አላወጣም። «እማ፣ ምን አድርጎሽ ነው እንዲህ የምትፈሪው?» ስንላት «ውሃ ዘመድ የለውም» ብላ ነገሩን ትዘጋዋለች።

ታላቅ እህቴን እታለም ነው የምላት። እታለም ለጅቡቲ ሰው ተድራ ከሄደች ብዙ ዓመት ሆኗታል። ልጅ ሳታገኝ ቆይታ ቆይታ፣ ተስፋ በቆረጠችበት ሰዓት አላህ ሰጣት። ወግ ቢሆን ለመጀመሪያ ልጅ አራስ የምትጠብቀው እናት ናት። የእናቴ ጉልበት ግን ከቤታችን፣ ከዘንዘልማ፣ ባጃጅ መሳፈሪያው ድረስ እንኳ አያደርሳትም። የገንፎ ዱቄት፣ ቅቤና በሶ አስራ አሸከመችኝና «እኔን ሆነሽ አራሷን ጠብቂልኝ» አለችኝ። ከአገር ስወጣ ያ የመጀመሪያዬ ነው። አዲስ አበባ ድረስ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በባቡር ሄድሁ። ሱቄን ለረዳቴ ትቼ፣ አርባው እስኪወጣ ቆይቼ ልመለስ ነበር ሐሳቤ።

ጅቡቲ ስደርስ ሥራ አጣሁ። የእታለም አማት ቤቱን ከዳር እስከ ዳር ይዘውት ነበር። እሳቸው አማርኛ አያውቁም፣ እኔ የእሳቸውን ቋንቋ አላውቅም። መጥረጊያ ሳነሣ ፈገግ ብለው ይቀበሉኛል፤ ድስት ስከድን ፈገግ ብለው ይከፍቱታል። ሕፃኑን እንኳ የማገኘው ሲተኛ ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ እታለም አልጋዋ ላይ ሆና በሹክሹክታ ጠራችኝ።

«አንቺ ልጅ፣ እዚህ ተቀምጠሽ ግድግዳ ከምታዪ አንድ ነገር አድርጊልኝ። እኔ የማበስልበት ጀልባ ሰው ይፈልጋል። ቦታዬን ሌላ ከያዘው አለቀልኝ። እስክነሣ ተተኪልኝ።»

«ጀልባ? እኔ?»

«ጀልባው ላይ ነው ያልሁሽ፣ ውሃው ውስጥ አልወጣኝም።»

እንዲህ ሆኖ ነው የጀልባ ወጥ ቤት የገባሁት። ጀልባው ባሕር ጠልቀው ዓሣ የሚያዩ እንግዶችን ይዞ ወደ ባሕረ ሰላጤው ይወጣና ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ይመለሳል። የሚነዳው አንድ ዝምተኛ ሰውዬ ነው። እንግዶቹን ወደ ታች ይዛ የምትወርደው ደግሞ ሚስቱ ናት። አጭር፣ ደንደን ያለች፣ ፀሐይና ጨው ያጠቆራት፣ ዕድሜዋ ወደ ስልሳ የሚጠጋ ሴት ነበረች። ያደገችው ድሬዳዋ ስለሆነ አማርኛዋ እንደ ውሃ ይፈስሳል። በመጀመሪያው ቀን «እርስዎ ምሳ መቼ ይሁንልዎ?» ብዬ ብጠይቃት ዙሪያዋን ቃኘችና «ማነው እርስዎ?» አለች። «አቦ፣ አንቺ በይኝ! እርስዎ ስትይኝ ጉልበቴን ያመኛል።» አንቺ ለማለት ሳምንት ያህል ፈጀብኝ። እኛ አገር ይህን የሚያክልን ሰው አንቺ ማለት ከንፈር ያስነክሳል።

ድንች እየላጥሁ አያቸዋለሁ። እንግዶቹ የጎማ ልብሳቸውን ይለብሳሉ፣ የአየር ሲሊንደር በጀርባቸው ያዝላሉ፣ ጀልባው ጠርዝ ላይ ይቀመጡና በጀርባቸው ዘፍ ይላሉ። በወደቁ ቁጥር ቢላዬ ይቆማል። አረፋው ብቻ ይቀራል። ትንሽ ቆይቶ ያው አረፋ ከነሰው ሲመለስ እኔም አብሬ የተነፈስሁ ይመስለኛል።

ወደ ውሃው የሳበኝ ግን የባሕር ፍቅር አልነበረም፤ ስፌት ነው። አንድ ቀን የአንዱ እንግዳ የጎማ ልብስ ብብቱ ላይ ተሠንጥቆ ኖሮ ሴትዮዋ አመጣችልኝ። ገልብጬ ስፌቱን ሳየው ገረመኝ። ሁለቱ ጎማዎች ጫፍ ለጫፍ ተጣብቀዋል። መርፌው ደግሞ ወዲያ ማዶ አይወጣም፤ የጎማው ግማሽ ድረስ ብቻ ገብቶ ይመለሳል። ውሃ የሚገባበት ቀዳዳ እንዳይኖር ነው። ያን እያየሁ ምሳው ሊያርብኝ ነበር። ጠግኜ ስመልስላት «እስቲ በኔ ልክ የሚሆን አለ? አሰፋፉን ለብሼ ልየው» አልኋት። ሰጠችኝ። ከቁርጭምጭሚት እስከ አንገት ልክክ አለ። በላዩ ላይ ጆሮንና አንገትን የሚሸፍን የጎማ ኮፍያ አለው፤ ሒጃቤን አውልቄ እሱን ሳጠልቅ ፊቴ ብቻ ቀረ።

ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «የት ነው አገርሽ ያልሽኝ?»

«ባሕር ዳር።»

«መዋኘት ትችያለሽ?»

«አልችልም።»

«አቦ! ስሙ ራሱ ባሕር ዳር አይደል እንዴ?»

«ዳሩን ነዋ የማውቀው» አልኋት።

እስክታስል ሳቀች። ከዚያ ዕቃ የማጥብበትን ትልቁን ሳፋ ከወጥ ቤት ጎትታ አወጣችና የጀልባው መድረክ ላይ ውሃ ሞላችው። ከአየር ሲሊንደሩ ጋር የተያያዘውን መተንፈሻ አፌ ውስጥ አስገብታ፣ አፍንጫን ጭምር የሚሸፍነውን መነጽር አጥልቃ፣ «በይ ፊትሽን ክተቺ። ሳፋ ውስጥ ሰጥሞ የሞተ ሰው የለም» አለችኝ። ተንበርክኬ «ቢስሚላህ» ብዬ ፊቴን ከተትሁ። የሳፋው ቂጥ ላይ ያለውን የምስማር ጭረት ሳይቀር አየሁት። ትንፋሼን ይዤ ቆየሁ። ጀርባዬን ቸብ ቸብ ስታደርገኝ ነው የተነፈስሁት። አየር ገባ። ፊቴ ውሃ ውስጥ ሆኖ ደረቴ በአየር ሞላ። እንደገና ሳብሁ፤ እንደገና ገባ። ቀና ስል እንግዶቹ ከበውኝ እያጨበጨቡ ነበር። እኔ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ እንባዬ መጣ።

ከዚያ ወዲያ እንግዶቹ ምሳ በልተው ጋደም በሚሉበት ሰዓት ሁሉ እኔና እሷ ውሃው ዳር ሆንን። መጀመሪያ መንሳፈፍ ነው ያስተማረችኝ። አሸዋማ ዳርቻ ላይ፣ ውሃው ወገቤ በሚደርስበት፣ በጀርባዬ አስተኝታ መዳፏን ከሥሬ ታደርጋለች። «አትታገዪው፤ ይሸከምሻል» ትላለች። የጣናን ውሃ አውቃለሁ ብዬ አፌን ከፈትሁና ጨው ጎርሼ ሳስል «ባሕር ማለት ይኼ ነው፣ ቅመሺው!» እያለች ትስቅብኛለች። ከቀናት በኋላ መዳፏን መቼ እንዳነሣችው አላወቅሁም። ቀና ስል ራቅ ብላ ቆማ ፀጉሯን ትጨምቅ ነበር።

ያቃተኝ ሌላ ነው። ጠላቂ መሆን የሚፈልግ ሰው ውሃ ውስጥ ሳለ መነጽሩን አውልቆ፣ እንደገና አጥልቆ፣ የገባውን ውሃ በአፍንጫው ተንፍሶ ማስወጣት አለበት። መነጽሩ ከፊቴ ላላ ሲል ውሃው አፍንጫዬን ይነካኛል፤ ያኔ የተማርሁት ሁሉ ብን ይላል። መተንፈሻውን ተፍቼ፣ እጄን እያወናጨፍሁ፣ ውሃው ደረቴ በሚደርስበት ቦታ ላይ እንደሚሰጥም ሰው እነሣለሁ። ቆሜ ስስል ሴትዮዋ አጠገቤ ቆማለች። አትቆጣም፣ አታባብልም። እስኪያልፍልኝ ትጠብቅና «ነገ» ትላለች። በማግሥቱም ያው ነው። አንድ ቀን ተናድጄ «ተይኝ በቃ፣ ለኔ ብለሽ ዕረፍትሽን አጣሽ። እንደኔ ያለ ደንቆሮ አስተምረሽ ታውቂያለሽ?» አልኋት።

«እኔ ማንንም አላስተምርም» አለችኝ። «አጠገባቸው እቆያለሁ፣ እነሱ ይለምዱታል።»

ይህን ያለችው እግሯን ከአሸዋ እያጸዳች፣ እንደ ተራ ወሬ ነው። እኔ ግን እስከ ዛሬ ረዳቶቼን ስፌት ሳለማምድ ትዝ ይለኛል።

እንደምንም ብዬ አንድ ሁለት ጊዜ ተሳካልኝና ጠለቅ ወዳለው ውሃ ይዛኝ ወረደች። ጆሮዬን ሲወጋኝ አፍንጫዬን ይዤ ወደ ጆሮዬ እተነፍሳለሁ፤ ጧ ይልና ይለቀኛል። ከዚያ አካባቢዬን አየሁ። ሴቶቻችን አንገታቸው ላይ የሚያስሩት መርጃን እዚያ ሜዳ ሞልቶ፣ ቅርንጫፍ አውጥቶ፣ ቁጥቋጦ ሆኖ ቆሟል። በመካከሉ ዓሣዎች ይመላለሳሉ፤ ቢጫው፣ ባለ መስመሩ፣ ሰማያዊው። በሕይወቴ ስንት ጣቃ ጨርቅ ዘርግቻለሁ፣ እንዲያ ያለ ሰማያዊ ግን አልገጠመኝም። ሴትዮዋ በእጇ ምልክት «እንዴት ነሽ?» ስትለኝ፣ ደስታዬን የምገልጽበት አጥቼ አውራ ጣቴን ወደ ላይ ቀሰርሁላት። ወዲያው ክንዴን ይዛ ወደ ላይ ታወጣኝ ጀመር። እንቢ ብዬ ብሳብ ጨርሳ አወጣችኝ።

«ምን ሆንሽ?» አለች መተንፈሻዋን አውልቃ።

«ምንም አልሆንሁ! ግሩም ነው ማለቴ ነው!»

«ስንቴ ነገርሁሽ? እታች አውራ ጣት ‹አውጪኝ› ማለት ነው። ግሩም ነው ለማለት ጣትሽን እንዲህ ቀለበት አድርጊ።»

ባልዮው ከጀልባው ላይ ሆኖ ሰምቶ ኖሮ፣ ያ ዝምተኛ ሰው፣ ሆዱን ይዞ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እታለም ልትነሣ የቀራት ጥቂት ቀን ሲሆን ሴትዮዋ ከእንግዶቹ ጋር ቀላቅላ ይዛኝ ወረደች። ውሃው ጥርት ያለ ነበር። አንዲት የባሕር ኤሊ አሸዋው ላይ ተኝታ አየንና ሁላችንም ዙሪያዋን ከበን ተንጠለጠልን። ቀስ ብላ ተነሥታ፣ እንደ ባልቴት እየተጎተተች ሳይሆን እንደ ወፍ ክንፏን እየመታች፣ በአጠገቤ አለፈች። የዓይኗ ቆብ እንደ አዛውንት የተጨማደደ ነው። እሷን ልከተል ስዞር ከፊቴ የነበረው እንግዳም ዞረ። በእግሩ ያጠለቀው መቅዘፊያ ጎማ ፊቴን መታኝና መነጽሬ ወለቀ።

ዓለም ሁሉ ደበዘዘ። ጨው ዓይኔን ለበለበኝ፣ ውሃው አፍንጫዬ ላይ ደረሰ። ያ የማውቀው ፍርሃት መጣ። መተንፈሻውን በጥርሴ ነክሼ ዓይኔን ጨፈንሁ። ሳብ፣ ልቀቅ። ሳብ፣ ልቀቅ። አየሩ እየገባ ነበር። ወዲያው አንድ እጅ እጄን ያዘኝ። ደንዳና፣ መዳፉ ሻካራ፣ የማውቀው እጅ። ከዚያ መነጽሬን ጣቶቼ ውስጥ አስጨበጠችኝ። ልታጠልቅልኝ ትችል ነበር፤ አላጠለቀችልኝም። እኔው አጠለቅሁት፣ ግንባሬ ላይ ጫን አድርጌ በአፍንጫዬ ተነፈስሁ፣ ውሃው ወጣ። ዓይኔን ስገልጥ ፊቷ ከፊቴ ስንዝር አይርቅም ነበር። ጣቷን ቀለበት አድርጋ ጠየቀችኝ። እኔም ቀለበት አድርጌ መለስሁላት።

ላይ ስንወጣ «ምሳ ምንድን ነው?» ብቻ ነው ያለችኝ። «ሩዝ» አልኋት፤ ሁለታችንም ሳቅን። የመጨረሻ ቀን ወደብ ላይ ስንለያይ ጉልበቷን ልስም ጎንበስ ስል በትከሻዬ አነሣችኝ፣ «ተይ አቦ፣ ያመኛል አላልሁሽም?» አለችና አቀፈችኝ። የጨው ሽታዋ ሻሼ ላይ ተርፎኝ ነበር፤ ባቡር ውስጥ አልፎ አልፎ አሸተው ነበር።

ዘንዘልማ ቤታችን እንደገባሁ እናቴ ስለ አራሷና ስለ ሕፃኑ ጠይቃ ጠይቃ ሲወጣላት፣ «አንቺ ግን ምን አጠቆረሽ?» አለችኝ። ለመዋሸት አላሰብሁም። ከሳፋው ጀምሬ እስከ ኤሊዋ ነገርኋት። መነጽሬ የወለቀውን ልዝለለው ብዬ ነበር፤ አፌ ግን አላቆመም። እናቴ መቁጠሪያዋን እየጎተተች ሰማችኝ። ስጨርስ ይመጣል ያልሁት ቁጣ ሳይመጣ ቀረ።

«እጅሽን ያዘችሽ?» አለችኝ በመጨረሻ።

«ያዘችኝ።»

«የኔንም ይዛኝ ነበር አንዲት ሴት።»

ያን ቀን ነው የሰማሁት። እታለምን አርግዛ፣ ሆዷ ገፍቶ፣ አባቴ ዘመዶቹ ዘንድ ሊያደርሳት በጀልባ ተሳፍረው ወደ ጎርጎራ ይሄዱ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣ። ማዕበሉ ጀልባዋን እንደ ወንፊት ያንገዋልላት ጀመር። ውሃው ገባ። ወንዶቹ በባልዲ ይቀዳሉ፣ ሴቶቹ ይጮሃሉ።

«ክርስቲያኗ ኪዳነ ምሕረት ትላለች፣ እስላሟ ያ ረቢ ትላለች። ኋላማ ተቀላቀለብን» አለች እናቴ። «እኔም ኪዳነ ምሕረት ስል ነበር፣ አጠገቤ ያለችውም ክርስቲያን ያ ረቢ ስትል ነበር። አባትሽ ውሃ ሲቀዳ እኔ ብቻዬን ነኝ። ያቺ ሴት በአንድ እጇ እጄን፣ በሌላው ሆዴን ደግፋ ይዛ፣ ዳር እስክንደርስ አልለቀቀችኝም። ከወረድን በኋላ ሰው በሰው ላይ ሆነና ጠፋችብኝ። ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት። ይኸው እስከ ዛሬ በሶላቴ ላይ አነሣታለሁ።»

«ለምን አልነገርሽንም?»

«ብነግራችሁ ወንድሞችሽ ‹ተርፈሽ የለም ወይ› ይሉኛላ።»

እውነቷን ነው፣ ይሏት ነበር። እኔም ከመሄዴ በፊት ብሰማው እል ነበር ይሆናል። ያን ቀን ግን ጎንበስ ብዬ ያን የታመመ ጉልበቷን ሳምሁት። ያቺን ሴት አመሰገንሁ፤ እሷ ባትኖር እታለም አትኖርም፣ የእታለም ልጅ አይኖርም፣ እኔም ወደዚያ ባሕር የምሄድበት ምክንያት አይኖርም ነበር። እናቴንም በፍርሃቷ ተቀይሜያት ኖሬ ከሆነ ቅያሜው ያን ቀን ለቀቀኝ።

እታለም ልጇ ዳዴ ማለት ሲጀምር ለዓረፋ መጣች። በበዓሉ ማግሥት ሁላችንም ከከተማው ወጣ ብሎ ዓሣ ወደሚጠበስበት የሐይቁ ዳር ሄድን። እናቴ አብራን ትሄዳለች ያለ አልነበረም። «የልጅ ልጄ ጋ ነው የምሄደው፣ ውሃው ጋ አይደለም» ብላ ባጃጅ ውስጥ ገባች። ዛፍ ሥር ወንበር አወጣንላት። ዓሣ አጥማጆቹን ጉማሬ መኖር አለመኖሩን ሁለት ጊዜ አስጠየቀችኝ። ሰፋ ያለ ሱሪና ረጅም ቀሚስ ለብሼ ገባሁ። የጣና ውሃ ድፍርስ ነው፤ ፊቴን ከትቼ ዓይኔን ብገልጥ የገዛ እጄንም በቅጡ አላየሁት። ጨው ግን የለውም፣ ለስላሳ ነው። በጀርባዬ ተኛሁበት። ተሸከመኝ።

«አትራቂ! ወዲህ! ወደ ግራ ነይ፣ እዚያ ደንገል አለ፣ ይጠልፍሻል!» እናቴ ከዳር ሆና ታዝዘኛለች። ዓሣ የምትጠብሰው ሴትዮ መጥበሻዋን ይዛ ወደ ውሃው አንገቷን አስግጋ «እማማ፣ ልጅዎ ናት?» ስትላት ሰማሁ።

«ልጄ ናት» አለች እናቴ። «ጅቡቲ ሄዳ ነው የተማረችው። እታች ወርዳ ከኤሊ ጋር ነበረች።»

«ውሸትዎን ነው!»

«ጠይቂያት!»

ስወጣ እታለም ፎጣ ይዛ ጠበቀችኝ። የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ በሚጥሚጣ በላን። እናቴ እሾሁን እየለቀመች ለሕፃኑ በትንሽ በትንሹ አጎረሰችው። ወዲያው ነፋስ ነፋስ አለና «ተነሡ፣ ማዕበል ሊነሣ ነው» አለች። ባሕሩ ጭራሽ አልተነቃነቀም ነበር፣ እኛ ግን ተነሣን። ባጃጅ ነጂው ልብሴ ሲንጠባጠብ አይቶ «ወንበሬን ልታረጥቢብኝ ነው» ብሎ አጉረመረመ። እናቴ ነጠላዋን አውልቃ ወንበሩ ላይ አነጠፈችልኝና «ግቢ ልጄ፣ ብርድ ይመታሻል» አለችኝ።